የልብስ ሰፊው ወገብ ለምን ጠበበ

ሰፈሩ ሁሉ ጋሽ ሜትር ነው የሚለው። የመዝገብ ስሙን የሚጠሩት ጤና ጣቢያ ካርድ የሚያወጡት ልጆች ብቻ ነበሩ፤ እሱም ስሙ ሲጠራ ሌላ ሰው የተጠራ ይመስለውና ከአግዳሚው ሳይነሳ ይቀራል። ሜትሯ ከአንገቱ ወርዳ አታውቅም። ገላውን ሊታጠብ ሲገባ እንኳ ባለቤቱ በሩ ሥር ቆማ፣ "አንተ፣ ሜትሯን አውልቀሃል?" ትለው ነበር።

ቤታቸው ሁለት ክፍል ናት። የፊተኛዋ ወደ መንገድ የምትከፈት የስፌት ክፍል፣ የኋለኛዋ መኖሪያ። በመሐል ከትርፍራፊ ጨርቅ የተቀጣጠለ መጋረጃ አለ፤ እዚህ ጋ የዳኛ ኮት፣ እዚያ ጋ የተማሪ ዩኒፎርም፣ ከታች ደግሞ የአንዲት ሙሽራ ቀሚስ ቁራጭ። ያቺ ሙሽራ አሁን የልጅ ልጅ አይታለች። የስፌት መኪናዋ መስኮቱ ሥር ናት፤ በእግር የምትረገጥ፣ ጥቁር፣ ወርቃማው ጽሑፏ በእጅ ብዛት ጠፍቶ ያለቀ። ጋሽ ሜትር ሥራ ላይ ሲሆን ቀኝ እግሩን ጫማ አያስነካውም። ፔዳሏን በባዶ እግሩ ነው የሚረግጣት። መኪናዋ ስትከብድ፣ ክር ልትበጥስ ስትል፣ ከዓይኑም ከጆሮውም ቀድሞ የሚያውቀው ውስጥ እግሩ ነው። "በጫማ መርገጥማ ጓንት አጥልቆ ሰው መጨበጥ ነው" ይላል።

ተጠራጣሪ ሰው ነበር። ጥርጣሬውን ያመጣበት ሥራው ይመስለኛል። ሰው ወገቡ ሲለካ ሆዱን ወደ ውስጥ ይስባል፤ ሽማግሌውም ጎረምሳውም ያው ነው። እንደተሳበ ከተሰፋለት ደግሞ በሳምንቱ "ሱሪዬን አጠበብክብኝ" ብሎ ጠብ ይዞ ይመጣል። ጋሽ ሜትር ለዚህ ዘዴ ነበረው። ሜትሯን ወገብ ላይ አዙሮ ይይዝና ቀልድ ይጀምራል፤ ሰውዬው ሲስቅ ሆዱ ልቅቅ ይላል፤ ያኔ ቶሎ ብሎ ያነብባል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሆዱን ከሚደብቅ ሰው ጋር የኖረ፣ ሰው ሁሉ የሚደብቀው ነገር አለው ብሎ ቢያምን ምን ይፈረድበታል?

የለካውን ሁሉ በትልቅ ደብተር ይጽፋል። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ገጽ። ስም አይጽፍም፤ "ሹፌሩ"፣ "ባለ ወፍጮው"፣ "ረጅሟ መምህርት" እያለ ነው የሚጽፈው። ለራሱም አንድ ገጽ አለው፤ ከላዩ "እኔ" ይላል።

በሽታው የተገኘበት አንድ ቅዳሜ ጠዋት ነው። ከጤና ጣቢያ የመጣች ሲስተር መንገዱ ማዕዘን ላይ ትልቅ ጃንጥላ ተክላ፣ ጠረጴዛ ዘርግታ፣ ያለፈ ያገደመውን ደም ግፊትና ስኳር ትለካለች። አጠር ያለች፣ ወሬዋ ፈጣን፣ እስክሪብቶዋን ፀጉሯ ውስጥ ሰክታ መልሳ የምትፈልግ ልጅ ናት። ጎረቤቱ ጫማ ሰፊው ተለክቶ መጣ። ጫማ ሰፊውን ሙጫ ነው የሚሉት፤ ለአንድ አፍታ ብሎ ከተቀመጠ እስከ ምሳ ስለማይነሳ።

"ተነስ፣ ተለካ። በነጻ ነው" አለው ሙጫ።

"በነጻ የሚለካ ሰው አይተህ ታውቃለህ? እኔ እንኳ የምለካው ልሰፋ ነው። እሷ ምን ልትሰፋልኝ ነው?"

"አፍህን ትስፋልህ! ተነስ አልኩህ።"

ሄደ። ሲስተሯ ክንዱን አሰረች፣ ጣቱን ወጋች፣ ወረቀት ላይ ጻፈች፣ ከዚያ እስክሪብቶዋን ፀጉሯ ውስጥ ሰካችና አየችው።

"አባባ፣ ጤና ጣቢያ መምጣት አለብዎት። ግፊትም አለ፣ ስኳርም አለ።"

"ሁለቱም?"

"ሁለቱም።"

ከሙጫ ጋር ጤና ጣቢያ ሄዶ ክኒን ተጻፈለት። ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ። ስኳር ይተው፣ ጨው ይቀንሱ፣ በእግርዎ ይሂዱ፣ እግርዎን በየቀኑ ይዩ፣ በየወሩ ይምጡ። ጋሽ ሜትር ሁሉንም ሰምቶ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ።

"መቼ ነው የምጨርሰው?"

"አይጨረስም፣ አባባ። የዕድሜ ልክ ነው።"

"እስክሞት ልውጥ ነው የምትዪኝ?"

"እንዳይሞቱ ነው የሚውጡት።"

መልሷ ጥሩ ነበር፤ ሙጫ ሰምቶ ስቋል። ጋሽ ሜትር ግን አልሳቀም። አልቆ የማያልቅ ሥራ ምን እንደሆነ እሱ ያውቀዋል። "ነገ ና፣ ቁልፍ ብቻ ነው የቀረው" እያለ ስንቱን አመላልሷል። አሁን እሱ ራሱ ተመላላሽ ሆነ፤ ይሄ ነገር ከመጀመሪያው ቀን ልቡ ውስጥ ቀረ።

ቢሆንም አንድ ዓመት ሙሉ እንደታዘዘው አደረገ። ባለቤቱ ነበረች የምታስደርገው። እሜቴ ነው የሚላት፤ በቀልድ ጀምሮት በዚያው የቀረ ስም ነው። እሜቴ የስኳሩን ጣሳ ከቤት አወጣች፣ የወጡን ጨው በጣቷ ጫፍ መጠነች፣ ማታ ማታ ፀሐይ ስትበርድ ክንዱን ይዛ እስከ ውሃ ማጠራቀሚያው ድረስ ታንሸራሽረዋለች። ጎረቤት ሲያያቸው፣ "ጫጉላ ሽርሽር ነው እንዴ?" ይላል። እሷ ታፍራለች፣ እሱ ይኮራል። ጠዋት ደግሞ ክኒኑን በራሷ እጅ አውጥታ፣ በራሷ እጅ መዳፉ ላይ አድርጋ፣ ውሃ ታቀብለዋለች። ያኔ ደግ ጊዜ ነበር። ግፊቱ ወረደ፣ ስኳሩ ወረደ፣ ሲስተሯም በየወሩ ካርዱን እያየች "ጎበዝ፣ አባባ!" ትለዋለች።

ነገሩ የተበላሸው ለራሱ ሱሪ ሊሰፋ ባሰበ ቀን ነው።

ልብስ ሰፊ ለራሱ የሚሰፋው በሦስት ዓመት አንዴ ነው። ከአንድ ደንበኛ የተረፈ ግራጫ ሱፍ ነበረ፤ ይበቃኛል አይበቃኝም ብሎ ሜትሯን ወገቡ ላይ አዞረ። መቶ አንድ። ደብተሩን ገልጦ "እኔ" የሚለውን አየ። መቶ ስምንት። ሆዴን ስቤ ይሆናል ብሎ ለራሱ ቀልድ ነገረ። ቀልዱን ስለሚያውቀው አልሳቀም፤ ብቻ ሆዱን በግድ ለቀቀው። መቶ አንድ።

ሰባት ሴንቲ! ሌላ ሰው ቢሆን ቀለለኝ ብሎ ይደሰት ነበር። እሱ ግን ደብተሩን ወደ ኋላ መግለጥ ጀመረ። ሹፌሩ፦ ዘጠና ስምንት፣ ዘጠና ሁለት፣ ሰማንያ አምስት። ከዚያ በኋላ የተጻፈ የለም፤ ቀጥሎ የመጣችው ልጁ ናት፣ የአባቷን ኮት ለወንድሟ አጥብብልኝ ብላ፣ ጥቁር ለብሳ። ባለ ወፍጮው፦ መቶ አሥራ ሁለት፣ መቶ አራት፣ ዘጠና አምስት፣ ከዚያ ባዶ ገጽ። ረጅሟ መምህርትም እንዲሁ። ቀሚሷን ሁለት ጊዜ አጥብቦላታል፤ ሁለተኛውን ሳትወስደው ነው የቀረችው። ጋሽ ሜትር ደብተሩን እስከ መጨረሻው ገለጠ። በዚያ ሁሉ ገጽ ውስጥ ወገቡ ጠቦ የከረመ አንድ ሰው አጣ።

እኔ ምን የተለየ ነገር አደረግኩ? ብሎ ራሱን ጠየቀ። ክኒን።

አንዴ ጥርጣሬ ከገባ ደግሞ ማስረጃ ይከተላል። በዚያው ወር የጠዋቱ ክኒን ተቀየረ። ነጭና ክብ የነበረው ቢጫና ሞላላ ሆኖ መጣ። ሲስተሯን ጠየቃት።

"ያው ነው፣ አባባ። ፋብሪካው ነው የተለየው።"

ያው ነው፣ ፋብሪካው ነው የተለየው! ጨርቅ ነጋዴዎች ውሃ ሲነካው የሚጨማደድ ጨርቅ ሊያሲዙት ሲሉ የሚሉት ቃል በቃል ይሄንን ነው።

ሳምንት ሳይሞላ ደግሞ የባለቤቱ የእህት ልጅ መጣች። ፀጉር ሠሪ ናት፤ ለሥራዋ ቤት ፍለጋ ከተማውን ስታካልል የከረመች። የስፌት ክፍሉ መሐል ቆማ ብርሃኑን አየችና፣ "ይሄ መስኮት ለመስተዋት እንዴት ያምራል!" አለች። እሜቴ ሳቀች። ከዚያ ሁለቱ መጋረጃውን አልፈው ገቡና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ሲንሾካሾኩ ቆዩ። ጋሽ ሜትር መኪናዋን አቁሞ ጆሮውን አቀና። "ይደክመዋል… ማረፍ አለበት… ክፍሉን…" የምትል ነገር ብቻ ነው የሰማው። ለእሱ በቂ ነበር። እኔን እያከሱ፣ ክፍሌን ሊያወርሱ።

ከማግስቱ ጀምሮ ክኒኑን መዋጥ ተወ።

እሜቴ ዓይኗን ከእሱ ላይ አታነሳም፤ እሷን ማታለል ቀላል አልነበረም። ግን ጋሽ ሜትር ሠላሳ ዓመት ስፒል በከንፈሩ ነክሶ ከደንበኛ ጋር ሲያወራ የኖረ ሰው ነው። ክኒኑን በከንፈሩና በድዱ መሐል ሸጎጥ ያደርጋል፣ ውሃውን ይጎነጫል፣ "ተመስገን" ይላል፣ ስለ አየሩም ትንሽ ያወራል። ከዚያ መጋረጃውን ገልጦ ወደ ሥራው ይገባል። ግድግዳው ላይ አንድ ቡናማ ኮት ተሰቅሏል፤ ወደ ሌላ ከተማ ተዛውሮ ተመልሶ ያልመጣ ጸሐፊ ያሰፋው። የኮቱን ገበር በሁለት ጣት ስፋት ተረተረው፤ ክኒኑን በዚያ ይከታል። የጠዋቱንም፣ የማታውንም። ገበር ውስጥ የሚያይ ማነው? ልብስ ሰፊ ካልሆነ።

ክኒኑን ሲተው ስኳሩንም መለሰ። ከሰዓት በኋላ ሙጫ ዘንድ ይሄድና ሻዩን በአራት ማንኪያ ይጠጣል።

"አንተ ሰውዬ፣ ሲስተሯ ታየሃለች" ይለዋል ሙጫ።

"ከሲስተሯ ጋር የተስማሙት ሌሎች ናቸው።"

"እነማን?"

"ተወው። ቤተሰብ ነገር ነው።"

ሦስት ወር እንዲህ ሄደ። ወደ ቀጠሮውም "ሥራ በዛብኝ" እያለ ቀረ፤ ክኒኑን ሄዳ የምታመጣለት እሜቴ ነበረች። ውሃ ይጠማው ጀመር፤ ጆጉን አጠገቡ አስቀምጦ ይውላል። ቀን ከሌት ወደ ጓሮ ይመላለሳል። የመርፌ ቀዳዳ ሁለት ሆና ትታየዋለች፤ አንዱን ክር ለማስገባት አሥር ጊዜ ጫፉን በምራቁ ያርሳል። ወገቡንም በየሳምንቱ ይለካል፦ ዘጠና ዘጠኝ፣ ዘጠና ስድስት፣ ዘጠና ሦስት። መዋጥ ትቼም ይጠባል? ይልና ለራሱ መልስ ይሰጣል፤ መርዙ ገና ከሰውነቴ አልወጣም።

ከሁሉ የገረመው የመኪናዋ ነገር ነው። ፔዳሏ ጥጥ የተጠቀለለባት ትመስላለች። እግሩ ሥር አትሰማውም። ዘይት ቀባት፣ ቀበቶዋን ቀየረላት፣ ከሥሯ ተንበርክኮ ብሎኖቿን አጠበቀ። ያው ናት። "አረጀሽ" አላት። ድሮ እንደ ሴት ልጁ ነበር የሚያባብላት፤ ያን ቀን ግን በቂም ነው የተናገራት።

አንድ ማክሰኞ ለዳቦ ቤት ሠራተኞች ነጭ ጋውን እየሰፋ ነበር። አሥራ ሁለት ጋውን። ስምንተኛውን ጨርሶ ሲያነሳው ወለሉን ሲነካ የነበረው ጠርዙ ላይ ቀይ ነጥብ አየ። አንድ አልነበረም፤ ሦስት፣ አራት። ደም ነው። ጣቶቹን አንድ በአንድ መረመረ፤ አልተወጋም።

"እሜቴ! እዚህ ነይ!"

እጇን በቀሚሷ እየጠረገች መጣች።

"ጨርቄን ማነው የነካው?"

"ማን ይነካዋል?"

"የእህትሽ ልጅ መጥታ ነበር?"

"እሷ ከመጣች ወር አለፋት። ምን ሆነሃል አንተ? ሰሞኑን በጥርጥር ዓይን ነው የምታየኝ።"

"አላይሽም።"

"ታየኛለህ እንጂ! ወጥ ቀምሼ ካላሳየሁህ አትበላም። አላየሁም መሰለህ? ምን በደልኩህ?"

 ድምፁን ሰምቶ ሙጫ ከጎን ጉጠቱን እንደያዘ ብቅ አለ። ጋሽ ሜትር በእሱም ላይ ዞረ።

"ትናንት እዚህ ተቀምጠህ ነበር። እጅህ ቆስሎ ነበር እንዴ?"

"የእኔ እጅ መቼ ሳይቆስል ያውቃል? ጨርቅህን ግን አልነካሁም" አለና ሙጫ ወደ ወለሉ አየ። ወለሉ ሲሚንቶ ነው። ሙጫ ዕድሜውን ሙሉ የሰው ጫማ ሲገለብጥ የኖረ ነው፤ የሰውን አረማመድ ከጫማው ሥር ያነብበዋል። ከመኪናዋ እስከ መስኮቱ፣ ከመስኮቱ እስከ ካውያው ድረስ የባዶ እግር ዱካ አለ። የቀኝ እግር ብቻ። ከአውራ ጣቱ ይልቅ በትንሿ ጣት በኩል ቀላ ያለ።

ሙጫ ቀልዱ ሁሉ ከፊቱ ጠፋ።

"ተቀመጥ" አለው።

"ለምን?"

"ተቀመጥ አልኩህ። እግርህን አምጣ።"

ወንበር ላይ አስቀመጠው፣ እግሩን እንደ ጫማ ገለበጠና ጭኑ ላይ አደረገው። ትንሿ ጣት ሥር፣ ቆዳው አብጦ ነጣ ባለበት፣ አንዲት ጥቁር ነጥብ ነበረች። ሙጫ ጉጠቱን አስጠግቶ ያዛትና ሳብ አደረጋት።

ጋሽ ሜትር፣ "ምን እየጠበቅህ ነው? ካየኸው አውጣው እንጂ" አለ።

"አውጥቼዋለሁኮ።"

ጉጠቱ አፍ ላይ ግማሽ ጣት የሚያህል የመኪና መርፌ ስባሪ ነበር። ዝጓል። ስንት ቀን እንደቆየ ማን ያውቃል? እሜቴ አፏን በእጇ ያዘች። ጋሽ ሜትር መርፌውን አየ፣ እግሩን አየ፣ እንደገና መርፌውን አየ። የመኪናዋ ክር ሊበጠስ ሲል የሚያውቅ እግር፣ መርፌ ሲሰካበት አላወቀም። ያን ጊዜ ነው እውነተኛው ፍርሃት የገባበት። ያ እግር ከሄደ መኪናዋም ሄደች፤ መኪናዋ ከሄደች እሱ ምንድን ነው?

ጤና ጣቢያ የወሰዱት ወዲያው ነው፤ ሙጫ በአንድ በኩል፣ እሜቴ በሌላ በኩል ደግፈው። ሲስተሯ ቁስሉን አየች፣ ጣቱን ወጋች፣ ቁጥሩን አየችና ሌላ ጣት ደግማ ወጋች። ሦስት መቶ ሰማንያ።

"አባባ፣ መድኃኒቱን ይወስዳሉ?"

ቀድማ የመለሰችው እሜቴ ናት። "በእጄ ነው የምሰጠው! ጠዋትም ማታም። አንድ ቀን ዘልዬበት አላውቅም።"

"በትክክል ያውቁታል ግን? የትኛውን መቼ እንደሚሰጡ?"

"እንዴት አላውቅም?"

"የት ነው የሚያስቀምጡት? ፀሐይ ይነካዋል? ከሌላ ሰው መድኃኒት ጋር አልተቀላቀለም?"

ሲስተሯ ክፉ ልጅ አልነበረችም፤ ሥራዋ ሆኖባት ነው። ግን ጥያቄ በጥያቄ ላይ ሲደራረብ እሜቴ ፊቷ እየተለዋወጠ መጣ። የምታፍርበት ሳይኖር አፈረች። ጋሽ ሜትር ከጎን ተቀምጦ ያያል። ሦስት ወር ሙሉ በሆዱ ይዞት የኖረውን ጥርጣሬ አሁን ከሌላ ሰው አፍ ሰማው፤ ደግሞ እንዴት አስቀያሚ ነገር ነበር! ይቺ ሴት ጠዋት ጠዋት ክኒኑን መዳፉ ላይ ስታስቀምጥ ጣቶቿ ይሞቁ እንደነበር ትዝ አለው።

ሲስተሯ እስክሪብቶዋን ከፀጉሯ ነቀለች። "እየወሰዱ እንዲህ ከወጣ መድኃኒቱ አልሠራም ማለት ነው። መጠኑ ከፍ ብሎ መርፌም መጨመር ሊኖርበት ነው። አሁን ሆስፒታል ልጽፍልዎት ነው፣ እዚያም ይሄንኑ አይተው ነው የሚያዙት። እግሩ ደግሞ… እግሩን እነሱ ይወስናሉ።"

"ምኑን ነው የሚወስኑት?" አለ ሙጫ።

ሲስተሯ ወረቀት ሳበች። መጻፍ ጀመረች።

ጋሽ ሜትር ጉሮሮውን ጠረገ። "አትጻፊ።"

"ምን አሉ?"

"እሷ ሰጥታኛለች። አንድ ቀን አላጓደለችም። እኔ ነኝ ያልዋጥኩት። ሦስት ወር።"

 እሜቴ ዞራ አላየችውም፤ ግድግዳው ላይ ያለውን የእናቶች ክትባት ሥዕል እንዳየች ቀረች።

"የት ነው ያደረጉት?" አለች ሲስተሯ፣ ቀስ ብላ።

"ገበር ውስጥ።"

ከዚያ ሁሉንም አወጣው። ስለ ሱሪው፣ ስለ ሰባቱ ሴንቲ፣ ስለ ሹፌሩና ባለ ወፍጮው፣ ስለ ቢጫው ክኒን። ስለ መስተዋቱና ስለ መስኮቱ ሲደርስ ድምፁ አነሰ። ይስቁብኛል ብሎ ነበር። ሲስተሯ ግን ወንበሯን አስጠግታ ተቀመጠች።

"ሹፌሩ ከመክሳቱ በፊት ውሃ ይጠማው ነበር?"

ጋሽ ሜትር አሰበ። "ለመለካት ሲመጣ እንኳ ውሃ ይለምን ነበር። ባለ ወፍጮውም።"

"እነሱን የበላቸው ሳይታወቅ የኖረ ስኳር ሊሆን ይችላል። ማንም አልለካቸውም፣ አሁን በእርግጠኝነት መናገር አልችልም። ስኳር ሳይያዝ ሲቀር ሰውነት ራሱን ይበላል፤ ይከሳል፣ ይጠማል፣ ሽንት ይበዛል። የእርስዎ የመጀመሪያው ሰባት ሴንቲ ግን ሌላ ነው። እሱ ስኳር ትተው፣ በእግርዎ ሄደው ያመጡት ነው። ያኔ ቁጥርዎ መቶ ሠላሳ ነበር፣ ካርዱ ላይ አለ። የዚያን ዕለት ሜትርዎን ይዘው ቢመጡልኝ ኖሮ አጨበጭብልዎት ነበር።"

"ከዚያ ወዲህ የጠበበውስ?"

"ከዚያ ወዲህ የጠበበው የሹፌሩ ዓይነት ነው።"

ይቺን ቃል እስከ ዕድሜው መጨረሻ አልረሳትም።

ሆስፒታል ከመሄዳቸው በፊት ልብስ ለመያዝ ቤት ገቡ። እሜቴ ቡናማውን ኮት ከግድግዳው አወረደች፣ መቀስ አነሳችና ገበሩን ከላይ እስከ ታች ቀደደችው። ክኒኖቹ ወለሉ ላይ ተንጣጡ፣ ነጩም ቢጫውም፣ ከመኪናዋ ሥር ሳይቀር ተንከባለሉ። ጎንበስ ብላ አልለቀመችም።

"ክፍሉን ለእህቴ ልጅ ልሰጣት ነው ያልከው?" አለች።

"'ክፍሉን' ስትዪ ሰምቼ…"

"ክፍሉን ከፍለን በግማሹ አልጋ እናድርግለት፣ ቀን ቀን ጋደም ይበል ነው ያልኩት! ደክሞህ ስትውል አንጀቴን እየበላኸኝ!"

 ሻንጣውን ዘጋችና ቀድማ ወጣች።

እግሩ ተረፈ። ትንሿ ጣት አልተረፈችም። ሐኪሞቹ አንድ ሳምንት ዘግይቶ ቢሆን እስከ ቁርጭምጭሚቱ ነበር ብለውታል። ሁለት ወር ፔዳል አልረገጠም፤ መኪናዋ በጨርቅ ተሸፍና ከረመች፣ እሱ ቁልፍና ዝምዝማት በእጁ እየሠራ ዋለ። ሙጫ በእግሩ ልክ ሰፊ፣ ውስጡ ለስላሳ፣ ከፊቱ ድፍን ጫማ ሠራለት። "ከእንግዲህ ባዶ እግርህን ካየሁህ ሌላውን ጣት እኔ ነኝ የምነቅለው" ብሎ አስጠነቀቀው። በጫማ መርገጡን እየቀፈፈውም ቢሆን ለመደው። ደንበኛ ሲመጣም ደብተሩን ቀደም ብሎ ይገልጣል። አንዷን ዳቦ ጋጋሪ፣ "ምን አድርገሽ ነው ስድስት ሴንቲ የጎደልሽው?" ብሎ ሲጠይቃት፣ "እኔ እንጃ፣ ብቻ ውሃ ይጠማኛል" ስትለው፣ ልብሷን ሳይቆርጥ ወደ ሲስተሯ ሰዷታል።

ቤት ውስጥ ግን ብርድ ነበር። እሜቴ ምግቡን ታቀርባለች፣ ጨውና ስኳሩን ትጠብቃለች፣ ክኒኑን ግን በእጇ መስጠት ተወች። ጠረጴዛው ላይ ታስቀምጠዋለች። "ራስህ ዋጥ" ብላ ትወጣለች። እሱም አፉን ከፍቶ ባዶነቱን ሊያሳያት ይሞክራል፣ እሷ ግን ዞር አትልም። ሽርሽሩንም ብቻውን ነው የሚሄደው። እስከ ውሃ ማጠራቀሚያው ሄዶ ሲመለስ፣ ሰው፣ "ሙሽሪት የት አለች?" ይለዋል። "ሥራ ይዛ" ይላል።

ሲስተሯ አንድ ነገር አጥብቃ አዝዛው ነበር። እግሩ ስለማይሰማው በየቀኑ ውስጥ እግሩን የሚያይለት ሰው ያስፈልገዋል፤ መሰንጠቅ፣ መቅላት፣ ውኃ መቋጠር ካለ። እሱ ራሱ ጎንበስ ማለት ያቅተዋል፣ ዓይኑም ገና አልጠራም። መጀመሪያ ሙጫን ነበር የሚያሳየው። ሙጫ ግን ሲያይለት ሰፈር ይሰማል፦ "ተረከዝህማ የመኪና ጎማ ነው! እዚህ ጋ ሶል ላስገባልህ?" ጋሽ ሜትር አፈረ፣ ደግሞም ሙጫ ቸኩሎ ነው የሚያየው ብሎ ጠረጠረ። ሁለት ቀን ሳይታይ ዋለ። በሦስተኛው ቀን ፍርሃቱ ኩራቱን በለጠው።

ከሰዓት በኋላ ነበር፤ ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ ወለሉ ላይ ተዘርግታለች። እሜቴ መጋረጃው አጠገብ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች።

"እሜቴ።"

"አቤት።"

"እግሬን እዪልኝ።"

እጇ ምስሩ ላይ ቆመ። "እኔ ያየሁትን ታምናለህ?"

"አላውቅም" አለ። ውሸት መናገር ሰልችቶት ነበር። "እዪልኝና እንሞክረው።"

ምስሩን ጥቂት ለቀመች። ከዚያ ሰፌዱን አስቀመጠች፣ እጇን በቀሚሷ ጠረገች፣ መጥታ ከፊቱ በርጩማ ላይ ተቀመጠችና የቀኝ እግሩን ካልሲ ገፈፈች። እግሩን ወደ ብርሃኑ አዞረችው።  ጣቶቿ የት ላይ እንዳሉ እሱ አይሰማውም፤ ከፊቷ ብቻ ነው ሊያነብ የሚችለው፣ ፊቷም ምንም አይናገርም። 

"ምን አየሽ? ለምን ዝም አልሽ? የደበቅሽኝ ነገር አለ?"

"እየቆጠርኩ ነው።"

"ምኑን?"

"ጣቶችህን። አራት ናቸው። ነገ ስቆጥር ሦስት ሆነው ካገኘኋቸው ወየውልህ።"

ከሦስት ወር ወዲህ የሰማው የመጀመሪያው ቀልዷ ነበር።  እሷ ካልሲውን መልሳ ታጠልቅ ጀመር፤ እሱም ሳትጠይቀው ግራ እግሩን ዘርግቶ ጭኗ ላይ አስቀመጠው።